ለፍሬሕይወት እጅ የተሠራ ኪቦርድ

ሰኔ 3

ፍሬሕይወት ዛሬም ብርጭቆ ጣለች። ሻይ ልትሰጠኝ እጇን ስትዘረጋ ነው፤ ጣቶቿ እንዳልያዙት ያወቀችው መሬት ላይ ከተሰበረ በኋላ ነው። «አይዞሽ» ብዬ ስብርባሪውን መልቀም ጀመርኩ። «አይዞሽ አትበለኝ፤ የወደቀው ብርጭቆው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። አፏስ አልደነዘዘም፣ ተመስገን።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ባለቤቴ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። ነሐሴ ሲገባ ችሎት ይዘጋል፤ እስከዚያ ድረስ የዓመቱ ውሳኔ ሁሉ ተጽፎ ማለቅ አለበት። ከጠዋት እስከ ማታ ኪቦርድ ላይ ትውላለች። ሌሊት እጇን እያራገፈች ትነሳለች፤ «ውርር ያደርገኛል፣ ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል» ትላለች። ሬጅስትራሯ ደግሞ ሥራውን በጊዜ ያላደረሰ ሰው ለመስከረም ውሉ አይታደስም ብላ ለሁሉም ተናግራለች።

ውሉ ካልታደሰስ? ፍሬ እኔን ከማግባቷ በፊት ኩዌት ነበረች። ጓደኛዋ ጌጤ እዚያው ናት፤ በየሳምንቱ ትደውላለች። አንድ አሮጊት የሚጠብቅላቸው ሰው የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፣ ሥራው እጅ አይፈልግም ብላታለች። ፍሬ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅሁም። እጇ እምቢ ካለ ትሄድብኛለች። የምፈራው ይህንን ነው፤ ይኸው ጻፍኩት።

ሰኔ 6

ወጌሻ ዘንድ እንሂድ ብላት እምቢ። ብቻዋን ጤና ጣቢያ ሄዳ መጣች።

«ምን አሉሽ?»

«ነርቭ ነው፣ እጅሽን አሳርፊ አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይበሉኝ?» ብላ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች።

ለመልካሙ ደወልኩለት። አብሮ አደጌ ነው፤ አዲስ አበባ ያገለገለ የቢሮ ዕቃ ይገዛል፣ ይሸጣል። ለደከመ እጅ የሚሆን ኪቦርድ ካለህ ብለው ሳቀ። «ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጎድጓዳ ነገር አለ። ሲሰካ አይሠራም። ልጥለው ነበር።» እንዳትጥለው አልኩት።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

መጣ! መንገድ ተዘግቶ ባሕር ዳር ሰንብቶ፣ አንበሳሜም አንድ ቀን አድሮ መጣ። የኮምፒውተር ጥገና ሱቄን ዘግቼ ፈታሁት።

ግራና ቀኙ ለየብቻ ነው፤ የሚያገናኛቸው ሽቦ ብቻ ነው። ቁልፎቹ እንደ ተራው ኪቦርድ ሜዳ ላይ አልተደረደሩም፤ ሳህን ውስጥ እንደተነጠፉ ወደ ታች ጎድጉደዋል። ጣት ወደ ቁልፉ አይዘረጋም፤ ባለበት ዝቅ ብሎ ይነካዋል። በየጎኑ ደግሞ ለአውራ ጣት ብቻ የተሰበሰቡ ቁልፎች አሉት። ሁለቱን ግማሾች እንደ ትከሻዬ ስፋት አራርቄ እጄን ሳሳርፍባቸው ደረቴ ተከፈተ። ይህን ሁሉ ዓመት ኪቦርድ ስጠግን ስለ ሰው እጅ አስቤ አላውቅም ለካ።

ውስጡ ግን ሞቷል። የሆነ ነገር ፈስሶበት ቦርዱን ዝገት በልቶታል። ቁልፎቹ ደህና ናቸው። እንግዲህ ቦርዱን አውጥቼ እያንዳንዱን ቁልፍ በቀጭን ሽቦ ላያይዝና ከአንዲት ትንሽ ቺፕ ጋር ላገናኘው ነው። የቺፗ ጥሩነት፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል ያውጣ የምለው እኔ ነኝ።

ቤት ይዤው ስገባ ፍሬ አየችውና «ይኼ የበግ ሳንባ ምንድን ነው?» አለች።

ሰኔ 15

ሽቦ በእርሳስ ስበይድ ጢሱ ሸተታትና ወደ ጓሮ ሮጣ አስመለሳት። «ውጣልኝ በዚህ እርሳስህ!» አለችኝ። በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሼ፣ በዝናብ፣ ጃንጥላ በብብቴ ይዤ በየድኩ። ድሮ ይህ ጢስ ደስ ይለኛል ትል ነበር። ሥራ አድክሟታል።

ሰኔ 16

መብራት የለም። ግራው አልቋል። ቀኙ ግማሽ ደርሷል። ጣቴን ተቃጠልኩ። ፍሬ ራት ሳትበላ ተኛች።

ሰኔ 20

ሠራ! ሠራ! አውራ ጎዳና ወጥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ደግሞ ተዋረድኩ። በተራ ልጻፈው።

የአማርኛ ጽሕፈት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የፊደሉ ዘር ይመታል፣ ቀጥሎ አናባቢው። «ብ»ን መትተው «ኡ»ን ሲያስከትሉ «ቡ» ይወጣል። እንግዲህ አናባቢዎቹ የማይገቡበት ቃል ከስንት አንድ ነው፤ የፍሬን ጣት የፈጁትም እነሱ ናቸው። እኔ ብልሁ ሁሉንም ከቦታቸው ነቅዬ ወደ አውራ ጣት ወሰድኳቸው። አውራ ጣት ጉልበተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ቦታ ማራራቂያውን ቁልፍ ከመርገጥ በቀር ሥራ የለውም። እስከዚህ ደህና ነኝ።

ጥፋቱ ከዚህ ወዲያ ነው። የኔታ ዘንድ እንደቆጠርኩት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተራ ደረደርኳቸው። ሲያዩት ያምራል። ፍሬ ተቀመጠች፣ አንድ መስመር ጻፈች፣ ቆመች።

«ሳድስ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተራው ነዋ።»

«ሳድስ እኮ አናባቢ አይፈልግም፤ ዘሩ ብቻውን ሲመታ ይወጣል። አንተ ከሁሉ የሚመቸውን ቦታ ለማይሠራ ሰው ሰጠኸው! ቀኑን ሙሉ የምመታውን ራብዕን ደግሞ ጉና ተራራ ድረስ ወሰድክብኝ። ፊደል ልታስቆጥረኝ ነው?»

«እኔ ላግዝሽ ብዬ...»

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብላ ግንባሬን በጣቷ ነካ አደረገችኝ።

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ እሷ እያዘዘች እኔ እየቀየርኩ አመሸን። «ራብዕን ከቀኝ አውራ ጣቴ ሥር። ግዕዝን ከግራው። ኃምስን ወዲያ ጣለው፣ በሳምንት አንዴ ነው የምፈልገው።» ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ ነበር። የሚገርም ነው፤ እንዲህ ተጠጋግተን ከተቀመጥን ስንት ጊዜያችን።

ሰኔ 22

የሰኔ ጾም ነው። ዛሬ ምሳ ሰዓት ሳልታሰብ ቤት ብገባ ፍሬ እንቁላል ትበላለች። ክው ብዬ ቀረሁ። ልጅ እንኳ ጾም ስታስገድፍ ያላየኋት ሴት!

«የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል» አለች።

«ለእጅ ብለው?»

«አዎ፣ ለእጅ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ ታልቅስ ትሳቅ አላውቅም።

አባ ለእጅ ብለው ጾም ሲያስገድፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሕመሙ ከነገረችኝ በላይ ሳይሆን አይቀርም። ፈራሁ።

ሰኔ 25

አማቴ እማማ ለተሥላሴ ከጉና ሥር መጡ። በዚህ ጭቃ እስከ መንገዱ በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና። ገብስና ድንች ጭነው። ማንም አልጠራቸውም፤ ቢያንስ እኔ አልጠራኋቸውም። ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩና «እሰይ» አሉ። ምን እሰይ የሚያሰኝ አዩ? ከስታለች እኮ።

ማታ ጓዳ ሆነው ሲቆጧት ሰማሁ። «ጀሪካን አታንሺ። ጎንበስ ብለሽ አትጠቢ። ተይው ለሱ፣ እሱ ምን ይሠራል!»

ዛሬ ውኃ የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ልብሱን ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ይሁን፣ ለእጇ ከሆነ። ግን ጎንበስ ማለትና እጅ ምን ያገናኛቸዋል? አማት አይጠየቅም እንጂ እጠይቅ ነበር።

ሰኔ 28

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ቀኑን በሙሉ ልጻፈው።

ኪቦርዱ ቢሠራም የፍሬ የእጅ አንጓ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። መዳፏን የሚሸከም ማሳረፊያ ያስፈልገዋል፤ ከእንጨት፣ በልኳ። ልኩን እንዴት እንደምወስድ ሳስብ ሰነበትኩ። ዛሬ ዳቦ ልትጋግር ሊጡን ደፍጥጣ ደገፍ አለችበት፤ እጇን ስታነሳ የሁለት መዳፏ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ቀረ። «እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩ። እማማ አማተቡ። ሊጡን ከነትሪው አንስቼ በፌስታል ሸፍኜ በዝናብ ወደ አናጢው ወደ ደሳለው ሮጥኩ። ከኋላዬ «ዳቦውን ወዴት ነው?» ሲሉ ይሰማኛል።

ደሳለው አልነበረም። ሊጡን ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት በስልክ ነገርኩት። «ነገ በጠዋት ልኩን ወስጄ እቀርጸዋለሁ» አለኝ። ቀጥሎም፣ ክፉ አስቦ ባይሆንም፣ «ከትንሿ አልጋ ወዲህ እንጨት ስታስቆርጠኝ ይህ የመጀመሪያህ ነው» አለ።

ስልኩን ዘጋሁት። አቻምና ፍሬ አርግዛ ነበር። በነገረችኝ ሳምንት አልጋ አሠራሁ፣ ጠርዙን ራሴ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ስም እንኳ አወጣሁ። አምስተኛው ወር ሳይሞላ ጽንሱ ወረደባት። አልጋውን ከቤት ያወጣሁት በጎረቤት እጅ ነው፤ እኔ መንካት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ አንስተን አናውቅም። እሷ ዝም ስትል እኔ ዝም፣ እኔ ዝም ስል እሷ ዝም። ዛሬም አላነሳም።

ሰኔ 30

ይህን የሰማ ሁሉ ስቆብኛል፤ እኔም ልሳቅ።

ማሳረፊያው ተቀርጾ መጣ። ፍሬ መዳፏን ብታሳርፍበት እጇ ውስጡ ጠፋ። ደሳለው «ያለኸኝ ይኸው ነው፤ በልኩ ነው የቀረጽኩት። እኔማ የፍሬሕይወት እጅ ነው ወይስ የፖሊስ አዛዡ ብዬ ገርሞኝ ነበር» ይላል። እማማ ለተሥላሴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እርሾ አለበት እኮ ልጄ! ሊጥ ሲያድር ኩፍ አይልም? ወንድ መሆን መከራ ነው!»

ፍሬም ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል፤ ሊጡ ሲኦል ይግባ።

ሐምሌ 2

በሸክላ ጭቃ ደገምነው። እርጥቡን ጭቃ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እጇን በእጄ ሸፍኜ ቀስ አድርጌ ጫንኩት። ቅርጹ እንዲይዝ መቆየት ነበረብን። አልቸኮልንም። እጇ ይሞቃል። እኔም ልቤ ይመታ ጀመር፤ ምን ያደርገዋል፣ ሚስቴ አይደለችም እንዴ።

እጇን ስታነሳ ግን አየሁ፤ ቀለበቷ የለም። ጭቃ እንዳይነካው አውልቃው ይሆናል ብዬ ነበር። ኋላ ሳስተውል የቀለበቱ ቦታ ላይ ያለው ንጣት እንኳ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የዛሬ አይደለም ማለት ነው።

ጭቃውን ጠቅልዬ ወደ ደሳለው ወሰድኩት።

ሐምሌ 4

ማሳረፊያው ልኳ ሆነ። ዋንዛ ነው፣ በሰም አሸሁት። «እፎይ» አለች። ለኔ ይህ በቃኝ።

ቀለበቱ ግን።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ዛሬ የሰማሁትን ባልሰማሁት ምንኛ በወደድኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፍሬ ጓሮ ሆና በስልክ ታወራለች። ከጌጤ ጋር ነው። ተደብቄ ላዳምጥ አልፈለግኩም፤ የጫማዬን ጭቃ ልጠርግ ቆምኩ እንጂ። እንዲህ አለች፦

«አልነገርኩትም። ሐምሌ እስኪያልፍ ብቻ ነው ጌጥዬ። ሐምሌ ካለፈ እነግረዋለሁ። አሁን ብነግረው ያብዳል፣ ታውቂው የለም?»

ጌጤ የሆነ ነገር አለቻት።

«እኔም እፈራለሁ» አለች ፍሬ። «ግን ደስ ይለኛል። ሳስበው ደስ ይለኛል።»

ጫማዬን ሳልጠርግ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ሐምሌ ካለፈ ችሎት ይዘጋል፣ ሥራዋን በክብር አስረክባ ትሄዳለች ማለት ነው። ደስ ይላታል። እማማም የመጡት ልጃቸውን ሊሰናበቱ ነው። ቀለበቱም ለዚህ ነው። ሁሉ ነገር ግጥም አለልኝ። የተበላሸ ኮምፒውተር ስፈታ ጥፋቱን ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ግን ጥፋቱን አግኝቼ አልቅሼ አላባራ አልኩ።

ምን አጎደልኩባት? አልጋውን ቸኩዬ ስለሠራሁ ይሆን? ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አብሬያት ተቀምጬ አላለቀስኩም። ሱቅ ነበር የምሄደው። የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ነው ያለቀስኩት። እሷ ይህን አታውቅም።

ሐምሌ 10

ፍሬ ኪቦርዱን ፍርድ ቤት ወሰደችው። እኔ ሄጄ ሰካሁላት። ሁለቱን ግማሾች አራርቄ፣ የውስጥ ጠርዛቸውን በእንጨት ሽብልቅ ከፍ አድርጌ፣ እጇ ሰው እንደሚጨብጥ ሰው ጎን እንዲል አደረግኩ። ጸሐፊዎቹ ተሰበሰቡ። «ፍሬ ክራር ገዛች?» «ተሰብሮ ነው ወይስ ድሮም እንዲህ ነው?» እሷ ቀና ብላ «ባሌ የሠራልኝ ነው» አለች።

የምትሄድ ሴት እንዲህ ትላለች? አላውቅም። መሸሸጉን ተለማምዳለች ማለት ይሆናል።

ሐምሌ 13

ቀኝ አውራ ጣት ዝቅ ይበልልኝ አለች። ዝቅ አደረግኩት።

ሐምሌ 15

አሁን ደግሞ ከፍ ይበልልኝ አለች። ወደ ቀድሞ ቦታው ማለት ነው። አደረግኩት።

ሐምሌ 17

የግራው ቁልፎች ስፕሪንግ ከበዳት። ሁሉንም አውጥቼ በቀላል ቀየርኩ። ሱቅ ውስጥ ያለው የሰው ሥራ ተከምሯል፤ የሰው ላፕቶፕ ጠዋት አንስቼ ማታ ሳልነካው አስቀምጣለሁ። ደንበኞቼ ይራገማሉ። ይራገሙ።

ፍሬ ማታ ማታ ኪቦርዱን ቤት ይዛው ትመጣለች። የማስተካክለው ነገር ሁልጊዜ አላት። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሳቀረቅር እሷ በጋቢ ተጠቅልላ ሎሚ ትልሳለች። በዚህ ብርድ ሎሚ! ቀና ስል «ሥራህን ሥራ» ትለኛለች። ሌሊት ደግሞ እናቷ አጠገብ ነው የምትተኛው፤ «እጄን ስለማራግፍ እንዳልቀሰቅስህ ነው» ትላለች። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሉት ይህን ነው፤ ኪቦርዱን ሠርቼላትም እጇ ከአጠገቤ ወጥቶ ወደ እናቷ ሄደ።

ሐምሌ 21

ለእማማ ለተሥላሴ ልቤን ልገልጥ ሞከርኩ። ምድጃ ዳር ገብስ ይቆላሉ።

«እማማ፣ ፍሬ የምትደብቀኝ ነገር አለ። አንቱም ያውቁታል።»

«ምን አውቄ ልጄ።»

«ቢነግሩኝ አልቆጣም።»

ገብሱን አማሰሉ። «ሆድ ካገር ይሰፋል» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ሳቀና አንድ እፍኝ ቆሎ በእጄ አስጨበጡኝ። «ብላ። ብላና ሂድ ዕቃህን ሥራ። ለሷ ከእጅህ የሚሻላት የለም።»

አማት በሚስት ስንብት እንዲህ ይስቃል? ጨካኝ ናቸው ልበል ብዬ አቃተኝ፤ ጨካኝ አይደሉም።

ሐምሌ 24

ዛሬ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አንዷን ሽቦ ብቆርጣትስ? ውሳኔው ሳያልቅ ይቀራል፣ ሐምሌም የማያልፍ ይመስለኛል። ሞኝነት ነው፤ ሐምሌ በኔ ሽቦ አይቆምም። መቁረጫውን ግን በእጄ ይዤ ነበር።

ፍሬ እናቷ አጠገብ ተኝታ ነበር። አንድ እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥቷል፣ አብጧል፣ ጣቶቿ እንቅልፏ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ራብዕን ትመታ ይሆናል። መቁረጫውን አስቀመጥኩ። የምትሄድም ከሆነ እጇ ሳያማት ትሂድ። ባዕድ አገር ስትሆን ያ ባሌ ለእጄ አሰበልኝ ትበል።

የግራውን ማሳረፊያ ጠርዝ ደግሜ አለሰለስኩት። እሷ አልጠየቀችኝም ነበር።

ሐምሌ 27

የፍሬ የውሳኔ ክምር እያለቀ ነው። ሬጅስትራሯ ፍሬን «አንቺ ምን በልተሽ ነው?» አለቻት አሉ። ዝናብ። መብራት ይመጣል ይሄዳል።

ሐምሌ 30

ጨረሰች። የመጨረሻው ውሳኔ ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። ለመስከረም ውሏ እንደሚታደስ ሬጅስትራሯ በሰው ፊት ነግራታለች። ይህን በር ላይ ቆማ ስትነግረኝ ፊቷ አበራ። እኔ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኩ።

ነገ ሐምሌ አልፏል።

ነሐሴ 1

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ፍልሰታ ገብቷል፤ እማማ ቅዳሴ ሄደዋል። ፍሬ ኪቦርዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ በጨርቅ ትወለውላለች። «ጥላዬ፣ ና ተቀመጥ፤ የምነግርህ አለኝ» አለችኝ። እስክትነግረኝ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን ተናግሬ ቀደምኳት።

«አውቄያለሁ» አልኩ። «ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ። አልይዝሽም። ኩዌት ሥራሽ ይቃናልሽ። ኪቦርዱን ይዘሽው ሂጂ፤ ያንቺ ልክ ነው፣ ለሌላ ሰው አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ያን ጊዜ፣ ያ ሲሆን፣ እኔ ሱቅ ሄጄ ነበር የማለቅሰው። ያላዘንኩ መስሎሽ ከሆነ...»



ፍሬ ጨርቁን ይዛ አፏን ከፍታ አየችኝ። «ምን ኩዌት?» አለች።

«ሐምሌ ካለፈ እነግረዋለሁ ያልሽው!»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ለቅሶው ደግሞ ወደ ሳቅ ተመለሰ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ጆንያ መስዬ ቆሜአለሁ። ከዚያ ጋቢዋን ገለጠችና እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገችው። ክብ ነው። ጠንካራ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ነበር፣ እኔ እጅ እጇን ሳይ።

«ባለፈው አምስት ወር ሳይሞላ ነው የወረደብን» አለች። «ያን ወር ሳላልፍ ብነግርህ በማግስቱ ደሳለው ዘንድ ነህ። አልጋ ትሠራለህ፣ ስም ታወጣለህ። ዳግመኛ አልጋ ከቤት ሲወጣ ማየት አልችልም ጥላዬ። አንተንም እንደዚያ ማየት አልችልም። ሱቅ እንደምታለቅስ አውቃለሁ። መጥቼ በመስኮት አይቼህ ተመልሻለሁ።»

አይታኝ ነበር ለካ። አይታኝ ዝም አለች።

«ቀለበቱስ?»

«ጣቴ አብጦ አልገባ አለኝ። እናቴ አንገቷ ላይ አስራዋለች። ነርሷ እጄም የሚደነዝዘው ግማሹ በዚሁ ነው ብላኛለች፤ እርግዝና ውኃ ይቋጥራል አለች። ስወልድ ሳይተወኝ አይቀርም።»

«እና ኪቦርዱ በከንቱ ነው?»

«ኪቦርዱ ባይኖር ሐምሌን አልጨርስም ነበር። ግን...» ከንፈሯን ነከሰች። «አውራ ጣቱን ዝቅ አድርግ፣ ከፍ አድርግ ያልኩህ አያስፈልግም ነበር። ስፕሪንጉም ደህና ነበር። ሥራ ስትፈታ ዓይንህ ወደ እኔ ይዞራል፤ እንዳትደርስብኝ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

ስንት ስፕሪንግ ቀየርኩ! ማጉያ መነጽር አድርጌ፣ በመርፌ! ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ግን እጄ ገና ሆዷ ላይ ነው፤ እንዲህ ሆኖ የተቆጣ ሰው የለም።

እማማ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለታችንም መሬት ላይ ቁጭ ብለን አገኙን። «ነገርሽው?» አሉ። «አሁን በል አልቅስ። ደግሞ አባ የዛሬውንም ጾም እንድትገድፍ ፈቅደውላታል፤ እንቁላል ጥበስላት።» ጠበስኩ። ተቃጠለ። በላችው።

አሁን መሽቷል። ዛሬ ከእናቷ አጠገብ አልተኛችም። ሳንተኛ በፊት ቃል አስገባችኝ፦ ደሳለው ዘንድ እንዳልሄድ፣ እንጨት እንዳልነካ፣ ስም እንዳላወጣ። «እስክትመጣ ድረስ ምንም አትሠራም።»

«እስክትመጣ? ሴት ናት አሉሽ?»

«ዝም በል! አሁን ምን አልኩህ?»

«እሺ። ታዲያ እጄ ምን ይሥራ? ሥራ ፈትቶ አያውቅም።»

ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። «ይኸው፤ ሁለቱም ደንዝዘዋል» አለች።

ከአንጓዋ ጀምሬ እስከ ጣቷ ጫፍ አሸሁላት። በአልጋው እንደቸኮልኩት አልቸኮልኩም። ትንሿ ጣቷ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀኝ እጄን ግን ጭብጥ አድርጋ እንደያዘች ነው፤ ልስበው አልደፈርኩም። ይህን የምጽፈው በግራዬ ነው። ፊደሉ ሁሉ ጠማማ ሆኗል፣ ነገ እኔ ራሴ ማንበቤን እንጃ።